ክንፍ ያወጡ ቀን

መጀመሪያ የሚሰማው ከመሬት በታች ነው። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ በጣም ከጥልቁ፣ ዱም የሚል ድፍን ድምፅ ይመጣል፤ ብርጭቆ ከብርጭቆ ይነካካል፣ ቆርቆሮው አንዴ ይንቀጠቀጥና ያበቃል። ቆፋሪዎቹ ድንጋዩን አፈነዱ ማለት ነው። የመዳብ ማዕድን ከተማ በሆነችው ኪትዌ ውስጥ፣ ዉሳኪሌ ሰፈር፣ ለዚህ ድምፅ አንገቱን የሚያዞር ሰው የለም፤ የተኛ ሕፃን እንኳ አይነቃም። በቾላ ቤት ግን ነገሩ በዚያ አያልቅም። ትንሽ ቆይቶ ከጓዳው ሌላ ድምፅ ይነሣል፤ ጥሬ ሩዝ ወረቀት ላይ ሲበተን ዓይነት፣ ደረቅና ጥቃቅን፣ አንዱ ሌላውን እየተከተለ።

«ያንቺዎቹ መለሱ» አሉ ባና ካቶንጎ፣ ጭንቅላታቸውን ከቾላ ጉልበቶች መሀል ሳያነሡ።

«ደንግጠው ነው። ሲደነግጡ ጭንቅላታቸውን ከእንጨቱ ጋር ያማታሉ።»

«ስድስት ዓመት ሙሉ በየቀኑ አንድ ነገር የሚያስደነግጠው ፍጡር የት አለ? እኔ እንኳ በባሌ ማንኮራፋት የደነገጥኩት የመጀመሪያውን ሳምንት ብቻ ነው።»

በረንዳው ላይ ተራቸውን የሚጠብቁት ሁለት ሴቶች ሳቁ። ቾላም ሳቀች፤ ጣቶቿ ግን ከሹሩባው አልተነሡም። በረንዳው ፀጉር ቤቷ ነው፤ አንድ አግዳሚ፣ አንድ መስታወት፣ ግድግዳ ላይ የተንጠለጠለ የማበጠሪያ ከረጢት፣ ሌላ ምንም።

በዚህ ሰፈር ሴት የምትጠራው በልጇ ስም ነው። ባና ካቶንጎ የካቶንጎ እናት ናቸው፤ እናታቸው ያወጣችላቸው ስም ማን እንደሆነ ከቀብራቸው ዕለት በፊት የሚሰማ ሰው አይኖርም። ቾላ ግን ቾላ ብቻ ነች። ነገር የጣማቸው ደንበኞች ባና ጉንዳን ይሏታል። በፊት በፊት ይህ ስም ሲጠራ ጆሮዋ ይግል ነበር፤ ኋላ ለምዳው «አቤት» ማለት ጀመረች። እነሱም ለመዱ። አሁን ሹሩባ ሊሠሩ ሲመጡ በክብሪት ቀፎ በረሮ ይዘውላት ይመጣሉ። «እንኪ፣ ለልጆችሽ ሥጋ» ይላሉ። እሷም በሁለት እጇ ትቀበላለች።

ጉንዳኖቹ የባሏ የሳምፓ ናቸው። ሳምፓ በማዕድኑ ላቦራቶሪ ውስጥ የድንጋዩ ዱቄት የሚመረመርባቸውን ብልቃጦች ያጥብ ነበር፤ አፋቸው የተሸረፈውን ወደ ቤት ያመጣቸዋል። ምን ሊያደርጋቸው እንደሆነ ቾላ ያወቀችው በተጋቡ በሁለተኛው ሳምንት ነው። የዓመቱ የመጀመሪያ ዝናብ ጥሎ አባርቷል። ከገበያ ሲመለሱ መንገዱ በሙሉ ባልዲ የያዘ ሰው ነበር፤ ከመሬት የሚፈላውን ባለ ክንፍ ምስጥ ለመጥበሻ ይዝቃል። ሳምፓ ግን ከሁሉም ተለይቶ በአንድ ሱቅ ደጃፍ ተንበርክኳል። እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ አንዲት ወፍራም ጥቁር ጉንዳን አውቶቡስ እንዳመለጣት ሴት ወዲያ ወዲህ ትላለች።

«ይህቺን ተመልከቻት» አላት። «ክንፏን ራሷ ቆርጣ ጣለችው።»

«ለምን?»

«ካሁን በኋላ ቤት ነው የምትሠራው፤ ምን ያደርግላታል?»

ቾላ ያን ዕለት የገዛችውን ጉትቻ ከትንሿ ካርቶን አውጥታ ጆሮዋ ላይ ሰካችና ካርቶኗን ሰጠችው። የጉንዳኖቹ እመቤት ወደ ቤታቸው የገባችው በጉትቻ ካርቶን ነው።

ሳምፓ የብልቃጡን ግማሽ ውሃ ሞላ፣ ውሃውን በጥጥ አገደ፣ ጉንዳኗን ከጥጡ ወዲህ አስገብቶ አፉን በሌላ ጥጥ ከደነና በጨለማ አስቀመጣት። አርባ ቀን ማየት ክልክል ሆነ። «ከረበሽናት የራሷን እንቁላል ትበላለች» አለ። ይህን ያለው ሰው ራሱ ደግሞ በቀን አሥር ጊዜ ጓዳው በር ድረስ ሄዶ፣ እጀታውን ይዞ፣ ሳይከፍት ይመለስ ነበር። ቾላ አልጋ ላይ ሆና እየቆጠረች ትስቅበታለች። በአርባ አንደኛው ቀን እሷ በረንዳው ላይ ደንበኛ እየሠራች ሳለ ከውስጥ እየሮጠ መጣ፤ ቅባት የተቀባ እጇን ያዘና ደንበኛዋን ፀጉሯ ተፈትቶ ትቶ ጎትቶ ወሰዳት። በብልቃጡ ውስጥ ስድስት ገርጣ ያሉ ቀጫጭን ሠራተኞች እናታቸውን ከበው ይልሳሉ። ያኔ ሳምፓ እጇን አልለቀቀም ነበር። ስድስቱን ጉንዳኖች ዛሬ ቢጠይቋት በደንብ አታስታውሳቸውም፤ እጇን የያዘበትን አያያዝ ግን፣ አውራ ጣቱ የት ላይ እንደነበረ ሳይቀር፣ ታስታውሳለች።

ስድስቱ ስልሳ ሆኑ፣ ስልሳው ስድስት መቶ። ሳምፓ ከእንጨት ሳጥን ሠራላቸው፤ ውስጡን በጄሶ ሞልቶ ክፍሎች ፈለፈለበት፣ ፊቱን መስታወት፣ በመስታወቱ ላይ ቀይ ፕላስቲክ አደረገበት፤ ጉንዳን በቀይ ብርሃን ውስጥ ጨለማ ነው ብሎ ይኖራልና። እመቤቲቱ የኋላውን ክፍል መረጠች። እሷን ማየት የሚቻለው ሳጥኑን ከግድግዳው አላቆ በማዞር ስለሆነ ያን የሚያደርገው ሳምፓ ብቻ ነበር፤ እንደ ሕፃን አቅፎ ነው የሚያዞረው። ማታ ማታ ስልኩ ላይ እንደሱ ጉንዳን ከሚያረቡ ሰዎች ጋር ይጻጻፋል። «አንድ የፖላንድ ሰው ጓዳችን ይሞቃል ወይ ብሎ ይጠይቀኛል» ይላታል። «እናቴ እንኳ እንዲህ ያለ ነገር ጠይቃኝ አታውቅም።»

ከሦስት ዓመት በፊት ላቦራቶሪው ሰው ቀነሰ። ሳምፓ በሶልዌዚ በኩል አዲስ ማዕድን ሥራ አገኘ። «ቤት እስካገኝ ነው» አላት። ጉንዳኖቹን በዚያ መንገድ ማንገላታት አይቻልም፤ ስለዚህ እሷና እነሱ ቀሩ። በመጀመሪያው ዓመት በየወሩ መጣ። በሁለተኛው ለገና መጣ። በሦስተኛው አልመጣም። ስልክ ሲደውል በፊት እሷን ጠይቆ ጉንዳኖቹን ይጠይቅ ነበር፤ ቀጥሎ ጉንዳኖቹን ጠይቆ እሷን ይጠይቅ ጀመር፤ ኋላ ጉንዳኖቹን ብቻ። ከዚያ መደወሉም ቀረ። ቾላ ግን በመጨረሻው ረጅም ወሬያቸው ያላትን አልረሳችም።

«ባለ ክንፍ የሚወለደው ቤቱ ሲጠግብ ነው» ብሏት ነበር። «እናት ልጆቿን ለሠርግ ለመስደድ አቅም ስታገኝ። ከዚያ ሳጥን ባለ ክንፍ የወጣ ቀን እመጣለሁ። ያን ቀን እዚያ ካልነበርኩ ስድስት ዓመት ምን ስሠራ ነበር?»

እሷም ያን ቀን ያዘች። ጠዋት ጠዋት የስኳር ውሃውን ትቀይራለች፣ በረሮውን ራሱን ቆርጣ ታስገባለች፣ ጥጡን ታርሳለች፤ እያንዳንዷን ጠብታ ስታንጠባጥብ ሳምፓን አንድ እርምጃ ወደ ቤት የጎተተች ይመስላታል። እንዲህ ማሰቧን ለማንም አልተናገረችም። ሰው ቢሰማው ይስቅ ነበር፤ እሷ ግን ሌላ መጎተቻ ገመድ አልነበራትም።

ዘንድሮ የብርዱ ወራት ክፉ ሆነ። መብራት በቀን ውስጥ ለጥቂት ሰዓት ብቻ ብቅ ይላል፤ ሳጥኑን የሚያሞቀው አምፖል ሙት ሆነ። ጉንዳኖቹ እየፈዘዙ፣ አንዱ በሌላው ላይ እየተከመሩ መጡ። ቾላ ባና ካቶንጎ ዘንድ ሄዳ ከሰል ይዛ መጣችና ማንደጃውን አቀጣጥላ ጓዳ ውስጥ፣ ከሳጥኑ ጀርባ አስቀመጠችው። ሦስት ሳምንት እንዲህ አደረገች። ጭሱ እንዳይታፈን በሩን ከፍታ፣ እሷ ደጃፉ ላይ ብርድ ልብስ ተከናንባ ተቀመጠች። ጉንዳኖቹ ተነቃቁ፣ መሯሯጥ ጀመሩ። በብርድ የሞተ አንድም አላየችም። ሳምፓ ሲመጣ ይህን እነግረዋለሁ ብላ በልቧ አስቀመጠችው።

ብርዱ አልፎ ሙቀቱ በገባ በሁለተኛው ወር፣ አንድ ማክሰኞ፣ ከሳጥኑ መውጫ ላይ ቀጠን ያለ ጥቁር ነገር ብቅ አለ። ጀርባው ላይ ሁለት ጥንድ ክንፍ ነበረው። ቾላ የስኳር ውሃውን ይዛ መሬት ላይ ተቀመጠች። እሱን ተከትሎ ሌላ ወጣ፤ እስከ ምሳ አሥራ ሁለት ሆኑ።

ፎቶ አነሣች። ደግማ አነሣች። ላከችለት። ሌላ ቃል አልጨመረችም።

ባና ካቶንጎ ተጠርተው መጡና ጎንበስ ብለው አዩ። «እነዚህማ ጨው ብቻ ነው የቀራቸው» አሉ።

«ይተዉ፣ የሠርግ ናቸው እነዚህ።»

«እናቲቱስ ደኅና ናት?»

«የኋላው ክፍል ውስጥ ናት።»

«አይተሻት?»

«እሷ ከዚያ አትወጣም እኮ» አለች ቾላ። ይህን ስትል ከብርዱ ወራት ወዲህ እንቁላል ተሸክሞ ከኋላ ክፍል የሚወጣ ሠራተኛ እንዳላየች ትዝ አላት። ሐሳቡ ግን እንደ መንገደኛ አለፈ፤ እሷም ግባ አላለችውም።

ከአራት ወር ዝምታ በኋላ መልሱ በማግስቱ መጣ። «ቅዳሜ እመጣለሁ።» ቾላ ሁለቱን ቃላት ቀኑን ሙሉ ስታነብ ዋለች። አንዴ ችኮላ ያለበት ይመስላታል፣ አንዴ ድካም፣ አንዴ ደግሞ ናፍቆት።

ቅዳሜ ጠዋት የሰው ፀጉር ሠሪዋ የራሷ ፀጉር ተፈትቶ ተገኘ። ባና ካቶንጎ መሬት አስቀምጠዋት ሊጎነጉኗት ጀመሩ።

«እያጣመሙት ነው» አለች ቾላ በመስታወቱ እያየች።

«ባልሽ ለመሥመር ነው የሚመጣው? ዝም በይ። ደግሞ ስሚኝ፤ ሲገባ እንዳትሮጪ። ተቀምጠሽ ጠብቂው።»

«አልሮጥም።»

«ዓይንሽ አውቶቡስ ማቆሚያው ደርሶ ተመልሷል፤ ለኔ ነው አልሮጥም የምትዪው?»

አልሮጠችም። አራት ሰዓት ላይ በአጥሩ በር ሲገባ ተነሥታ ጠበቀችው፣ ደረጃው ላይ ሲደርስ እንደ አገሩ ልማድ ተንበርክካ እጇን ቀስ አድርጋ እያጨበጨበች ተቀበለችው። ከስቷል። ጺሙ ላይ ነጭ ጣል ጣል ብሎበታል። ትከሻው ላይ ያለው ቦርሳ ትንሽ ነው፤ ቾላ ወዲያው አየችው፣ ከዚያ ላለማየት ፊቷን አዞረች።

«ደኅና ነሽ፣ ቾላ?»

«ደኅና ነኝ። መንገዱ እንዴት ነበር?»

«አቧራ ነው። ዛሬም እንደዚያው ነው።»

ወደ ጓዳው ይሮጣል ብላ ነበር። እሱ ግን ወንበር ስቦ ተቀመጠ፣ ውሃ ጠጣ፣ እናቷን ጠየቃት፣ ቆርቆሮው ያፈስ እንደሆን ጠየቃት። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ቤቱን ያያል። መጨረሻ ላይ እሷው አልቻለችም።

«አታያቸውም እንዴ?»

«አያቸዋለሁ» አለ፤ የተነሣው ግን ቀስ ብሎ ነው።

ጓዳ ውስጥ ባለ ክንፎቹ በመስታወቱ ላይ ይርመሰመሳሉ። ሳምፓ እነሱን ብዙም አላያቸውም። ሳጥኑን በሁለት እጁ አቀፈ፣ ከግድግዳው አላቀቀ፣ እንደ ድሮው ቀስ አድርጎ አዞረው። ከኋላ በኩል ጄሶው ቢጫ ሆኖ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል። ውስጥ፣ በትልቁ ክፍል፣ ምንም የለም። ጥጉ ላይ ብቻ አንዲት ጥቁር ባዶ ቅርፊት፣ ራስና ሆድ የሌላት፣ ወድቃለች። አንድ ሠራተኛ ጉንዳን እሷን ይልሳታል።

«ይህቺ ናት» አለ ሳምፓ።

ቾላ አልገባትም፤ ወይም ገብቷት እንዳልገባት ሆነች። «ባለ ክንፎቹስ? አንተ ቤቱ ሲጠግብ ነው አላልክም?»

«እናት ካለች። እነዚህ ሁሉም ወንዶች ናቸው፣ ቾላ። እናት ስትሞት ሠራተኞቹ ራሳቸው እንቁላል ይጥላሉ፤ ከነሱ የሚወጣው ግን ወንድ ብቻ ነው። ወንድ አይሠራም፣ አያሳድግም። እነዚህ ያሉት ሠራተኞች አርጅተው ሲያልቁ ሁሉም ያልቃል።»

ጣቱን በስንጥቁ ላይ አሳለፈ። «ማንደጃ አስገብተሽ ነበር?»

«መብራት አልነበረም። በረዳቸው ብዬ ነው።»

«በዚህ በኩል?»

«በዚያ በኩል» አለች ቾላ። ድምፅዋ የራሷ አልመስል አላት። ሠራተኞቹ ከሙቀቱ ወደ ፊት ሮጠው ወጥተዋል፤ ከባዷ እናት ግን ከመረጠችው ክፍል አልወጣችም። ሦስት ሳምንት ደጃፉ ላይ ብርድ ልብስ ተከናንባ ስትጠብቃቸው፣ በገዛ እጇ እየጠበሰቻት ነበር።

ሳምፓ ጣቱን ከስንጥቁ ላይ አነሣ። ከዚያ ሳጥኑን ወደ ቦታው መለሰው። «እኔም ብሆን አስገባ ነበር» አለ።

አይደለም፤ እሱ ቢሆን አያስገባም። ሁለቱም ያውቃሉ። ቾላ ለዚህች ውሸት ብላ ብቻ ሌላ ሦስት ዓመት ልትጠብቀው ትችል ነበር።

በሩ ላይ ሲደርሱ አንድ ነገር መጣላት። «ፎቶውን ስልክልህ አላወቅህም ነበር?»

«አወቅሁ።»

«ወንዶች መሆናቸውን?»

«ጭንቅላታቸው ትንሽ ነው። ወዲያው ነው ያወቅሁት።»

እናቲቱ መሞቷን እያወቀ መጣ። ለባለ ክንፎቹ አይደለም የመጣው፤ ለሳጥኑም አይደለም።  ጠያቂ እንዳትሆን ፈራች፤ ግን አፏ ቀደማት።

«ታዲያ ለምን መጣህ?»

ሳምፓ አያት። ቀድሞ የሚያውቃትን ሰው መንገድ ላይ እንዳገኘ ዓይነት አያት። ከዚያ ወደ ማድ ቤቱ አገጩን ጣል አደረገ። «ይሄ የሚሸተው ዶሮ የጎረቤት ነው የኛ?»

ሳቀች። እንዲህ ከሳቀች ቆይታለች፤ ሳቁ ከሆዷ ሲወጣ ራሷን አስደነቃት።

እጁን አስታጠበችው። ንሺማውን፣ የበቆሎ ገንፎውን፣ እንደ ድሮው ጠንከር አድርጋ ገንፍታዋለች፤ ቅጠሉን በለውዝ ዱቄት ሠርታዋለች። የዶሮዋን ጨጓራ ለብቻው በትንሽ ሳህን ፊቱ አደረገችው፤ ጨጓራ የባለቤቱ ነው፣ ሌላ ሰው አይነካውም። ሦስት ዓመት ሙሉ ዶሮ በሠራች ቁጥር ይህን ቁራጭ ምን እንደምታደርገው ቸግሯት ነው የኖረችው። ሳምፓ አነሣው፣ በጣቶቹ ለሁለት ገመሰው፣ አንዱን ግማሽ በሷ በኩል አስቀመጠ።

«ምን ማለት ነው ይሄ?» አለች።

«ብይው። ማንም አያይም።»

በላችው። ጠንካራ ነበር፣ ቆይታ አላመጠችው፤ ልትውጠው አልፈለገችም። እሱ ስለ ሶልዌዚ አቧራ፣ ስለ አለቃው፣ ሌሊት ስለሚጮኸው የጎረቤት ፍየል አወራት። እሷ ስለ ደንበኞቿ አወራችው፤ በክብሪት ቀፎ ስለሚመጣው በረሮ ስትነግረው ንሺማው ትን እስኪለው ሳቀ። ጀርባውን በእጇ መዳፍ መታ መታ አደረገችው፤ ከሸሚዙ ሥር አጥንቱ ይሰማል። መዳፏን ቶሎ አላነሣችም፤ እሱም ፈቀቅ አላለም።

«ዝናቡ ሲገባ ሌላ እንፈልጋለን» አለች፣ ወደ ሳህኑ እያየች። «ያ ሱቅ አሁንም አለ። ደጃፉ ሲሚንቶ ነው።»

«ዘንድሮ ቶሎ ይገባል ይላሉ» አለ ሳምፓ።

እሺ አላለም፤ እምቢም አላለም። ቾላ ግን ልቧ ዝናቡን ጀምሮት ነበር። ነገ እሑድ ነው፤ አብረው ቤተ ክርስቲያን ቢሄዱ ሰው ሁሉ ያያል። ሰኞ አንዱን ብልቃጥ ታጥባለች። አርባ ቀኑን ደግሞ እሱ በሩ ድረስ እየሄደ ሲመለስ ከአልጋዋ ትቆጥርለታለች። ሳህኖቹን ደራርባ ተነሣች። «እጅህን ላስታጥብህ፣ ውሃ ላምጣ» አለችው።

የጓሮው ቧንቧ በቀጭኑ ነው የሚወርደው፤ ማሰሮዋ እስክትሞላ ጊዜ ወሰደ። ቾላ ቆማ እየጠበቀች ሳለ እያንጎራጎረች እንደሆነ አስተዋለችና እፍረት ቢጤ ተሰማት።

ስትመለስ ወንበሩ ባዶ ነበር። ሳምፓ በረንዳው ላይ፣ ደንበኞች በሚቀመጡበት አግዳሚ ላይ፣ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ያስራል። እጁን ሳይታጠብ በልብሱ ጠርጎታል። ክሩን አጠበቀ፣ ተነሣ፣ ቦርሳውን ትከሻው ላይ አደረገ። ማሰሮዋን ይዛ በሩ ላይ እንደቆመች አያት። አፉን የሚከፍት መሰላት፤ ጠበቀችው። ሳምፓ ደረጃውን ወረደ። የመጣው ለመሰናበት እንደነበር ቾላ ያኔ ገባት።

«እንዴ ሳምፓ፣ ወዴት ነው?» አሉ ባና ካቶንጎ ከማዶ፣ ከሰላቸውን እያፈሰሱ። «ገና ሰላም እንኳ አላልንህም።»

ሳምፓ ሰላምታ እንደሚሰጥ ሰው እጁን ከፍ አደረገ። እርምጃውን ግን አላቆመም። የአጥሩን በር ከፍቶ ወጣ፣ መልሶ በጥንቃቄ ዘጋው፣ ወደ አውቶቡስ መንገዱ ታጠፈ።